አፏ የሞላ ዕለት

ሸምሲያ ተጸያፊ ነበረች። እንደው ትንሽ ንጽሕና የምትወድ ዓይነት እንዳትመስላችሁ፤ ሐረር ፈላና በር አካባቢ ያሉ እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ «ምነው! እንደ ሸምሲያ አደረገሽ እንዴ?» የሚሉላት፣ ስሟ የወጣ ተጸያፊ። ሌላ ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ በአመድ ትፈትጋለች፣ በሎሚ ታሻለች፣ ታጥባለች፣ ታሸተዋለች፣ እንደገና ታጥባለች። በሥጋ ገበያ በኩል ከማለፍ ግማሹን ከተማ ዞራ ብትመጣ ይሻላታል። አፍንጫው የተዝረከረከ ሕፃን ካየች የዚያን ቀን ምሳ የለም። «ኤጭ!» የምትለው ቃል ከአፏ ተለይታ አታውቅም።

«አንቺ ልጅ፣» ትላት ነበር እናቷ አሚና፣ «አላህ በምትጸየፊው እንዳይፈትንሽ ፍሪ።»

ፈተናት።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ነው፤ የረመዳን ፆም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ለዒድ ቤት ይጸዳ ነበር። የሐረርን ቤት ግድግዳ ታውቁታላችሁ፤ ከላይ እስከ ታች ሳህንና ሰፌድ የተሰቀለበት ነው። ሸምሲያ የላይኛውን ረድፍ ሳህን ልታወርድ አንጋጣ አንገቷን ወደ ቀኝ ስትጠመዝዝ ቤቱ ተነቀለ። ግድግዳው ከነሳህኑ ሮጠ፣ ጣሪያው ሮጠ፣ እሷም ወደቀች። ሳህኑ ተሰበረ። ከዚያም በገዛ እጇ በቀይ አፈር በለቀለቀችው መደብ ላይ አስታወከች። ከፆመኛ ሆድ ደግሞ ምን ይወጣል? አረንጓዴ ሐሞት ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓለም መጫወቻ አደረገቻት። ቆማ ስትሄድ ምንም የለባትም። ተቀምጣ ስትሰፋ ምንም የለባትም። ጋደም ብላ ወደ ቀኝ ከዞረች ግን፣ ወይም ካንጋጠጠች፣ ወይም ከተኛችበት ብድግ ካለች፣ ሁሉ ነገር ይሽከረከራል። ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ያልፋል። የሚያልፈው ማዞሩ ነው እንጂ ማጥወልወሉ ግማሽ ቀን ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። ሶላት ላይ ለሱጁድ ግንባሯን ስትደፋ ምንጣፉ ከሥሯ ስለሚሸሽባት ተቀምጣ መስገድ ጀመረች።

የገደላት ግን ሽታው ነው። ፀጉሯ ይሸታታል፣ ሻሿ ይሸታታል፣ ትራሷ ይሸታታል። ደጋግማ ብትታጠብም ይሸታታል። ሰው ከሌላው ግማት ሮጦ ያመልጣል፤ ከራሱ ወዴት ያመልጣል? ሸምሲያ ሸምሲያን ተጸየፈች።

መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ መድኃኒትማ ሞልቶ! ከበሩ ውጭ ያሉት ጎረቤት ወይዘሮ ተናኘወርቅ «ምች ነው፤ እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት። አንዷ ጨጓራዋን ያሻላትን የፍየል ሐሞት በስኒ ይዛ መጣች፤ ሸምሲያ ስኒውን ገና ስታየው ቋቅ አላት። መድኃኒት ቤቱ የሸጠላት ክኒን ቀን ከሌት አስተኛት፤ እንቅልፉ ደግሞ መተኛት ነው፣ መተኛቱ ደግሞ መዞር ነው። ከሁሉ ያላቅለሸለሻት የሰፈሩ ሼህ ዩሱፍ ዱዓ ብቻ ነበር፤ ቢያንስ አይጠጣም።

«ሰው ሁሉ የየራሱን በሽታ መድኃኒት እኔን ያጠጣኛል፣» አለች አንድ ቀን እየተንገሸገሸች። «የኔን በሽታ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።»

ጠዋት ጠዋት የምታስታውክ ያላገባች ልጅ ደግሞ በመንደር ምላስ ምን እንደምትባል አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ወሬው አባቷ ሐጂ ዑመር ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም መሰለኝ፣ እህል ነጋዴው ሐጂ አንድ ቀን ከሱቃቸው በጊዜ መጡ። ሸምሲያ ከጋደመችበት ገና ብድግ ማለቷ ነበር።

«ሸምሲያ፣ የጨርቅ ነጋዴዎቹ ልጅ ዓሊዪ ጠይቆሻል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ደግሞ እንዳንቺ ንጹሕ ነው። ምን ትያለሽ?»

እምቢ ልትል ነበር። ወላሂ ልትል ነበር! ዓሊዪን ታውቀዋለች፤ ከመንገዱ ማዶ የሚሸት ሽቶ የሚቀባ፣ ሰላም ብሎ ጨብጦ እጁን በመሐረብ የሚጠርግ ልጅ ነው። «እምቢ አባ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከቃሉ የቀደመ ሌላ ነገር መጣ። አፏ ሞላ። ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዘጋች፣ ጉንጮቿ ተነፉ፣ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

ሐጂ ዑመር ጠበቁ። ያላገባች ልጅ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው፤ አፍራ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው። ዝም ያለች ብቻ ሳይሆን በእንባ የተሞላች ልጅ ሲያዩ ልባቸው ተነካ።

«አልሐምዱሊላህ! ዝምታዋ ፈቃዷ ነው!» አሉና እዚያው እጃቸውን ዘርግተው የቃል ማሰሪያውን ፋቲሓ አደረጉ።

ሸምሲያ አፏን ይዛ ወደ ግቢ ሮጠች። ከሎሚው ዛፍ ሥር ሆዷን ገልብጣ ስትመለስ አባቷ የሉም፤ ቃል ሊሰጡ ሄደዋል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። በሸምሲያ የተዘጋ አፍ ግን ባል ገባ።

ከዚያስ ምን ትበል? ሐጂ ዑመር የሰጡትን ቃል ከሚመልሱ ምላሳቸው ቢቆረጥ ይመርጣሉ። ደግሞስ የትኛዋ ልጅ ናት አባቷ ፊት ቆማ «ዝም ያልኩት ትውከት ይዤ ነው» የምትለው? ኤጭ! ኒካሑ ከዐረፋ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ዓሊዪ አንድ ጊዜ ከእናቱ ጋር ሊጠይቃት መጣ። ሽቶው ቀድሞት በር ገባ። ሸምሲያ ከጋደመችበት ለአክብሮት ስትነሳ ቤቱ ዞረ፣ የሽቶውም ነገር ተጨመረና መቆጣጠር አልቻለችም። ዓሊዪ «ኧረ ጫማዬን!» ብሎ ሁለት እግሩን በአንድ ጊዜ አነሳ። መሐረቡን አፍንጫው ላይ ደፍኖ ቀሪውን ሰዓት እንደዚያው ተቀመጠ። ሸምሲያም አልፈረደችበትም፤ እሷም በሱ ቦታ ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር። ሁለት ተጸያፊ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት ይኖራል፣ እሱን ነው ያሰበችው።

«ታማማ አልድራትም፤ በሳምንቷ ብትመለስልኝ ምን ፊት ይኖረኛል?» አሉ ሐጂ ዑመር። ስለዚህ ሙሜን ጠሩት።

ሙሜ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የድሬ ጠያራ ገበሬ ልጅ ነው። ጎንደር ድረስ ሄዶ ጤና መኮንንነት ተምሮ፣ ሐረር ተመድቦ መጥቷል። ከተማው ሐኪም ይለዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያወራ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ የማያውቅ ልጅ ነበር። አሚና መቁጠሪያዋን ይዛ ከልጇ አጠገብ ስትቀመጥ፣ እሱ ከመደቡ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ትኩሳት አለሽ?»

«የለኝም።»

«ጆሮሽን ያምሻል?»

«አያመኝም ሐኪም።»

«በየትኛው ጎን ስትተኚ ነው የሚያዞርሽ?»

ሸምሲያ አፏን ከፍታ ተወችው። ይህን የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ነው። መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ቀኝ ነው። ግን እንዴት ብላ ትበለው? ከሕፃንነቷ ጀምሮ እናቷ «ቢስሚላህ በይና በቀኝ ጎንሽ ተኚ፤ ሱና ነው» እያለች ነው ያስተኛቻት። የሚበላው በቀኝ፣ መስጊድ የሚገባው በቀኝ፣ መልካም ነገር ሁሉ በቀኝ። እናቷ መቁጠሪያ ይዛ አጠገቧ ተቀምጣ «ቀኜ ያስታውከኛል» ማለት ነውር መሰላት።

«በግራ፣» አለች።

ሙሜም አመናት፤ ለምን አያምናት? «እንግዲህ ሲያዞርሽ ዓይንሽን ማየት አለብኝ። ጋደም በይና ዓይንሽን ገልጠሽ ወደኔ ተመልከቺ» አላት።

አሚና መቁጠሪያዋን አቆመች። «ምን አልክ አንተ ልጅ? ወንድ ላይ ዓይኗን የምታፈጥ ልጅ አላሳደግኩም!»

«እናቴ፣ ለሕክምናው እኮ ነው…»

«አንተ ያንተን ዓይን ጨፍን፣ እሷም የሷን ትጨፍን፣ አላህ ያሽራታል።»

ሙሜ ጆሮው ድረስ ቀላና ነገሩን ተወው። ጎንደር አንድ የውጭ አገር መምህሩ ያስተማረውን እንቅስቃሴ ዘረዘረላቸው፤ አንገትን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጎ ማዞር፣ ከዚያ በሚያዞረው ጎን ቶሎ ብሎ መጋደም፣ መነሳት፣ እንደገና መጋደም።

«እንደገና?» አለች ሸምሲያ ዓይኗ ፈጥጦ። «የሚያስታውከኝን ነገር ደጋግሜ ላድርገው?»

«ጭንቅላት እንደ ልጅ ነው። አንድ ነገር ሲደጋገምበት ይሰለቸዋል። ማዞሩ ራሱ እስኪሰለቸው እናዞረዋለን።»

በግራዋ ጋደመች፤ ምንም አልሆነችም። ብድግ ስትል ግን እንደ ወትሮው ቤቱ ተነቀለ። አሚና የቆርቆሮውን ሳህን አቀረበች። ሸምሲያ ሳህኑ ላይ ተደፍታ ስትጨርስ ቀና አለች፤ ሐኪሙ የለም።

ከግቢው፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር፣ የሚያጓራ ድምፅ ተሰማ። እናትና ልጅ ተያዩ።

«ያ ረቢ!» አለች አሚና። «ሐኪሙም አስመለሰው!»

ሸምሲያ ከዚያ ሳህን ከተሰበረበት ቀን ወዲህ ስቃ አታውቅም። ያን ቀን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሙሜ ፊቱ አመድ መስሎ፣ አፉን በእጁ ጀርባ እየጠረገ በር ላይ ሲቆም፣ እርስዎ ማለቱን ረሳችውና፦

«ጨረስክ?» አለችው።

«ጨረስኩ፣» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደም አልፈራም፣ መግል አልፈራም። ይሄን ነገር ግን ሆዴ አይችለውም። ጎንደርም በዚህ ጉዳይ ሊያባርሩኝ ነበር።»

«እና እንዴት ሐኪም ሆንክ?»

«የሚያስመልስ ሰው እንዳይመጣብኝ ዱዓ እያደረግኩ።»

«ይኸው መጣሁብህ።»

«መጣሽብኝ፣» አለ ሙሜ። ቀና ብሎ አያት። አሚና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አስጠላሁህ አይደል?» አለች ሸምሲያ። ስታሾፍ አልነበረም፤ እውነቱን ፈልጋ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን «ኧረ በፍጹም» ይላት ነበር። ሁሉም እንደዚያ ሲሏት ነው የከረሙት፤ አፋቸው እየዋሸ አፍንጫቸው እውነቱን ሲናገር። ሙሜ ግን ትንሽ አሰበና፦ «አንቺ አላስጠላሽኝም። ትውከቱ አስጠልቶኛል፤ በጣም ነው የሚያስጠላው። ሐሙስ እመለሳለሁ» አላት።

ተመለሰም። አሚና ከዚያችው ካጠጣት ዛፍ ሎሚ ቆርጣ ሰጠችው፤ «በል፣ ያዳበርካትን ዛፍ ፍሬ አሽት» እያለች። ከዚያ ወዲህ ሙሜ ሎሚ በኪሱ ሳይዝ መጥቶ አያውቅም። ሸምሲያ ስትጋደም ሎሚውን አፍንጫው ሥር ያደርጋል፤ ስትነሳና ሳህኑ ሲቀርብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያወራታል። ስለ ድሬ ጠያራ ማሽላ ያወራታል፣ አባቱ ዝንጀሮ ለማባረር ስለሚሰቅሉት ማስፈራሪያ፣ ዝንጀሮዎቹ ማስፈራሪያውን ገፈው ኮቱን ለብሰው ስለመሄዳቸው። ትስቃለች። ሳቁ ደግሞ ያስመልሳታል። እሱም ቋቅ ይለዋል። እንዲህ የሚያስጠላ መጠናናት ሐረር ጀጎል ውስጥ ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ሙሜ ውሃ ጠጥቶ ብርጭቆውን መደቡ ላይ አስቀመጠ። ሸምሲያ ጠማት። እጇን ሰደደችና በዚያው ብርጭቆ፣ እሱ በጠጣበት በኩል፣ የተረፈውን ጠጣች። አመድ የለ፣ ሎሚ የለ። ምን እንዳደረገች እንኳ አላስተዋለችም። አሚና ግን አስተዋለች፤ መቁጠሪያዋ እጇ ላይ ቆመ።

ሳምንታት ሄዱ፤ ሸምሲያ አልዳነችም። እንዴት ትድናለች? የታመመው ቀኝ፣ የሚታከመው ግራ።

ይህን ደግሞ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ያንን ቃል ያወጣው እፍረት ነበር። በኋላ ግን እፍረቱ አለፈ፣ እናቷ እንኳ ባልነበረችበት ደቂቃ «ተሳስቼ ነው፣ ቀኜ ነው» ማለት ትችል ነበር። አፏ ድረስ መጥቶ መልሳ ዋጠችው። ከዳነች ዐረፋ ይመጣል፣ ዓሊዪ ይመጣል፣ መሐረቡ ይመጣል፤ ሙሜ ግን አይመጣም። ስለዚህ አንድ ጠጉር ወጥ ውስጥ ካየች ድስቱን የምትደፋ ልጅ፣ በገዛ ፈቃዷ ሳህን ላይ ተደፍታ፣ አፍንጫዋ እየተቃጠለ፣ ነፍሷ እየተጸየፈች፣ ሐሙስን ትጠብቅ ጀመር። ፍቅር ምን ያህል አጸያፊ ነገር ሊያሠራ እንደሚችል ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሐጂ ዑመር ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። «ይሄ ልጅ ሎሚ ሲያሸት ነው የሚውለው! ዐረፋ ደረሰ። ሌላ ሐኪም ይፈለግ» አሉ።

ሙሜ ይህን ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ መጣ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሎሚውን እንኳ አላወጣም።

«አቅቶኛል፣» አለ። «መምህሬ ያሳየኝ ሰዎች ሁሉ ድነዋል። አንቺ ላይ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ዛሬ የመጨረሻዬ ነው።»

ሸምሲያ ከንፈሯን ነከሰች። የተናገረችው አሚና ናት።

«ልጄ፣ እኔ መሃይም ነኝ፤ አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ሰው የሚያመውን ጎኑን ይተኛበታል?»

«አይተኛም እናቴ።»

«ይቺ ልጅ ከዒድ ወዲህ በግራዋ ተጠቅልላ ነው የምትተኛው። ወደ ቀኝ ዞራ አይቻት አላውቅም።»

ሙሜ ቀስ ብሎ ወደ ሸምሲያ ዞረ።

«ቀኝሽ ነው?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ለምን ግራ አልሽኝ?»

«እማ ነበረች። ቀኝ ሱና ነው። ቀኝን እንዴት አድርጌ ልክሰስ?»

«እሺ፣ ያን ቀን አፈርሽ። ከዚያ በኋላስ? ይህን ሁሉ ሳምንት?» ድምፁ ከፍ አለ። «እኔ ትውከት አልችልም ሸምሲያ! ወደዚህ ቤት ስመጣ ከፈላና በር ጀምሮ ሆዴ ይላወሳል። ይህን ሁሉ ያደረግኩት በከንቱ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? በኔ ላይ ነው ስታሾፊ የከረምሽው?»

«አላሾፍኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ከዳንኩ አትመጣማ!»

ብላ ከጨረሰች በኋላ ነው የሰማችው። ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሙሜ ተነስቶ ቆመ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት። አሚና መቁጠሪያዋን ኪሷ ከተተች።

«እኔ እናት ነኝ እንጂ ድንጋይ አይደለሁም፣» አለች። «ብርጭቆውን ያየሁ ዕለት ገብቶኛል። አሁን ግን ሁለታችሁም ዝም በሉና መጀመሪያ ትዳን። ታማ የምትወስነው ውሳኔ አይኖርም። አንቺ፣ ተጋደሚ። በቀኝሽ። ዓይንሽንም ግለጪ።»

«እማ?»

«ግለጪ አልኩሽ፤ ሐኪም ነው።»

ሸምሲያ ቢስሚላህ ብላ በቀኟ ተጋደመች። ጣሪያው ተነቅሎ ሮጠ። በዚያ ሁሉ ሽክርክሪት መሃል የማይሮጥ ነገር ፈልጋ የሙሜን ፊት ያዘች። እሱም ጎንበስ ብሎ ዓይኖቿን አየ። ጥቁሮቹ ዓይኖቿ ይርገበገቡ ነበር፣ ወደ አንድ ወገን እየሸሹ፣ እየተመለሱ፣ እየሸሹ። ከዚያ ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ፣ ረጉ። ሁለቱም ከረጉ በኋላም ዓይናቸውን አላነሱም። ትንሽ ቆየት ብላ አሚና አሳለች።

«አየሁት፣» አለ ሙሜ። «እስካሁን የሰጠሁሽ መጽሐፍ ላይ ያለውን ነበር። መጽሐፍ ሸምሲያን አያውቃትም። አሁን ላንቺ የሚሆነውን እንሠራለን።»

የምትተኛበትን መደብ አየ። ቀኝ ጎኗ ከግድግዳው የተጣበቀ ነው፤ ራስጌዋን ወደ ግርጌ አዛወረው። ጠዋት ባዶ ሆዷን የባሰ ስለሚያጥወለውላት ሕክምናውን ከዐስር ሶላት በኋላ አደረገላት፤ ወተት ከለከላት፣ ዝንጅብል ፈቀደላት። ይህን ያህል ጊዜ አድርጊ አላላትም። «በቀኝሽ ተጋደሚ፤ ዓይንሽ እስኪረጋ ጠብቂ፤ ተነሺ፤ ሆድሽ እስከፈቀደልሽ ድረስ ድገሚው። ዓይንሽ መርጋቱን እናትሽ ይዩልሽ» አለ። አሚናም እንደ ወርቅ አንጣሪ የልጇን ዓይን ስታይ ሰነበተች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዘግናኝ ነበሩ፤ አልዘረዝራቸውም፣ ምሳ በልታችሁ ይሆናል። ከዚያ ግን ማዞሩ ራሱ እየሰለቸው መጣ። አጠረ። ደከመ። አንድ ቀን ሸምሲያ ቆማ ሰገደች፤ ግንባሯን ለሱጁድ ደፋች፣ ምንጣፉ አልሸሸም። መጨረሻ ላይ ፊቷን ወደ ቀኝ መልሳ «አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ» አለች። ግድግዳው ከነሳህኑ በቦታው ቆሞ ነበር። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሙሜ ሊሰናበት መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«እንግዲህ የምመጣበት ምክንያት የለኝም፣» አለ።

«አንድ አለህ። ሽማግሌ ይዘህ ና።»

«አባትሽ ቃል ሰጥተዋል እኮ።»

«እሳቸው ሰጡ እንጂ እኔ አልሰጠሁም።»

የዚያኑ ቀን ከመምሸቱ በፊት ሼህ ዩሱፍ ለኒካሑ ቀን ሊነጋገሩ ሐጂ ዑመር ዘንድ መጥተው ነበር። ሸምሲያ እናቷን በዓይኗ ጠየቀቻት፤ አሚና ራሷን ነቀነቀች። ገባችና አባቷ ፊት ቆመች።

«አባ፣ ስለ ዓሊዪ የጠየቁኝ ዕለት ዝም ያልኩት ፈቅጄ አይደለም።»

«ምን ሆነሽ ነው ታዲያ?»

«አፌ ሞልቶ ነበር።»

«በምን?»

አሚና ከበሩ ጥግ «በትውከት ነዋ! በምን ይሞላል?» አለች።

ሐጂ ዑመር መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥሎ ገረጡ። «ፋቲሓ አድርጌያለሁ! ቃል ሰጥቻለሁ! ሼህ ዩሱፍ፣ ይስሙ ይህችን!»

ሼህ ዩሱፍ ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቃቸውን ነበር የያዙት።

«ሐጂ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «የልጅ ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው መናገር እየቻለች አፍራ ዝም ስትል ነው። አፉ የሞላ ሰው ዝም አለ አይባልም፤ አፉ ሞላ ነው የሚባለው። ልጅቷ አልፈቀደችም።»

«ለዓሊዪ ቤት ምን ብዬ ልንገር?»

«እውነቱን። ከኔ ጋር እንሄዳለን።»

ሄዱም። ሐጂ ዑመር ላብ እያጠመቃቸው፣ ቃል እየዋጡ ሲናገሩ፣ ዓሊዪ መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገና በረጅሙ ተነፈሰ። «አልሐምዱሊላህ! እኔም እኮ ከዚያ ከጫማዬ ቀን ጀምሮ ልነግርዎ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት» አለ። ይኸውላችሁ፤ አንዱ አፍሮ ዝም፣ አንዷ አፏ ሞልቶ ዝም። በዝምታ ብቻ ሁለት ቤት ሊፈርስ ነበር።

ከዐረፋ በኋላ የሙሜ አባትና የድሬ ጠያራ ሽማግሌዎች መጡ። ሐጂ ዑመር ትንሽ ተኮፈሱ። «ገበሬ ነው» አሉ። አሚና «አንተስ ከሐኪም ተራራ ገበሬዎች ማሽላ ጭነህ አይደል እዚህ የደረስከው?» አለቻቸው፤ አፋቸውን ያዙ። ሽማግሌዎቹን ውጪው ክፍል አስቀምጠው ወደ ልጃቸው ገቡ።

«ሸምሲያ፣ የድሬ ጠያራው ሙሜ ጠይቆሻል። ምን ትያለሽ?»

ዝም አለች።

ሐጂ ዑመር እጃቸውን ለፋቲሓ ዘረጉ። ከዚያ መልሰው ሰበሰቡት። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«አፍሽን ክፈቺ፣» አሏት።

ከፈተች። በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ጎንበስ ብለው፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዩ፣ ምላሷን ሳይቀር አስነስተው መረመሩ። ባዶ ነው።

«ዝጊው።»

ዘጋችው። ዝምም አለች። አንገቷን ደፍታ፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ፣ ከልቧ ዝም አለች። ሐጂ ዑመር ውጪው ክፍል ድረስ በሚሰማ ድምፅ «ፋቲሓ!» አሉ።

ዓመት ሳይዞር ሸምሲያ ጠዋት ጠዋት እንደገና ማስመለስ ጀመረች። በዚህ ጊዜ ማዞር የለውም፤ መንደሩም ቢያወራ መብቱ ነው። እናቷ ቤት በመጡበት ጠዋት አሚና እልልታዋን ስታቀልጠው ሙሜ ሚስቱን ደግፎ ሳህኑን ይዞላት ነበር። ትንሽ ቻለ። ከዚያ ሳህኑን ለአማቱ አቀበለና ወደ ሎሚው ዛፍ ሮጠ።

ሸምሲያ አፏን ተጉመጥምጣ፣ ብርጭቆ ውሃ ይዛ፣ ከኋላው ደርሳ ቆመች።

«ጨረስክ?» አለችው።